ሰክቶ መተኛት ብቻ? በአርቪ ፓርክ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ስለማድረግ ለተጻፈው ምክር ምላሽ

አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ወገኖች ሰሞኑን የሚቀባበሉት አንድ የጉዞ ምክር አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ለረጅም መንገድ ፈጣን ቻርጀር ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ የካምፕ ቦታ ሁሉ መብራት አለው። ባለ 50 አምፔር ሶኬት 50 አምፔር ይሰጣል። ባለ 30 አምፔሩም እንደ ልብስ ማድረቂያ ሶኬት 240 ቮልት ስለሆነ ከአርቪ (መኝታ ያለው የጉዞ መኪና ወይም ተጎታች) ዕቃ መደብር አዳፕተር ገዝቶ መሰካት ነው። የትኛውም ሶኬት ቢሆን በአንድ ሌሊት ይሞላል። ብሬከር ከወረደ ሶኬቱ ተበላሽቷል ማለት ነውና ጎረቤት ካለው ባዶ ቦታ መሰካት ይቻላል። ተጎታችና መኪና ጎን ለጎን ቢሰኩ ችግር የለውም። መብራቱ በአዳሩ ዋጋ ውስጥ ስለተካተተ ደግሞ ለቢሮው መንገር አያሻም።

የመነሻ ሐሳቡን አንቃወምም። አርቪ ፓርክ አድሮ ጠዋት በሞላ ባትሪ መነሳት ይቻላል፤ ፈጣን ቻርጀር ባልደረሰባቸው የገጠር መንገዶች ላይ አንዳንዴ ያለው አማራጭ ይኸው ብቻ ነው። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። በየማረፊያ ቦታው በቆመው የመብራት ሳጥን ላይ የተጻፈው ቁጥርና መኪናው ሊስበው የሚገባው ቁጥር ይለያያሉ፤ ልዩነቱን አውቆ ማስተካከል ያለበትም ሾፌሩ ነው። ጸሐፊው ይህን ስለዘለሉት ከምክሮቻቸው አንዳንዶቹ መኪናውን ያለ ቻርጅ ያሳድራሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሶኬት ያቀልጣሉ።

የካምፕ ቦታ ሁሉ መብራት አለው የሚለውን በቶሎ እንለፈው። የግል አርቪ ፓርኮች በአብዛኛው አላቸው። የብሔራዊ ፓርኮች ግን ሌላ ናቸው። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚነሳ ሰው ቅርብ በሆነው በሼናንዶዋ ያሉት የካምፕ ቦታዎች ለአርቪ የተዘረጋ የመብራት መስመር የላቸውም። ዮሰሚቲም እንዲሁ ነው። የሎውስቶን ውስጥ መስመር ያለው ፊሺንግ ብሪጅ አርቪ ፓርክ ብቻ ሲሆን፣ ግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝ ላይ ደግሞ ትሬለር ቪሌጅ አለ። የግል ፓርክ ውስጥም ቢሆን የድንኳን ቦታ የያዘ ሰው ምንም ላያገኝ፣ ቢያገኝም ባለ 20 አምፔር የተለመደውን የግድግዳ ሶኬት ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ በምርጫው ላይ «50 አምፔር» የሚለው መጻፉን ተመልከቱ። ፕላግሼር በተባለው የቻርጅ ቦታ መፈለጊያ መተግበሪያ ላይ «ኔማ 14-50» (የባለ 50 አምፔሩ ሶኬት ስም) ብላችሁ ካጣራችሁ ሌሎች ሾፌሮች ሞክረው አስተያየት የተዉባቸው ፓርኮች ይወጣሉ፤ አስተያየቱን ከነቀኑ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለ 50 አምፔር ሶኬት ኔማ 14-50 ይባላል። አራት ቀዳዳ አለው፦ ሁለት ፌዝ (መብራቱን የሚያመጡ)፣ አንድ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና አንድ ግራውንድ (ለደኅንነት ከመሬት ጋር የተያያዘ)። አገር ቤት 220 ቮልት የሚገኘው በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 120 ቮልት ብቻ ነው፤ 240 የሚገኘው በሁለቱ ፌዞች መካከል ነው። ይህች ነገር ወደ ባለ 30 አምፔሩ ስንመጣ ወሳኝ ትሆናለች።

ጸሐፊው 50 አምፔርን በ240 አባዝተው 12 ኪሎዋት አግኝተዋል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ለመኪና ግን አይሠራም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚሄድን ጭነት ተከታታይ ጭነት ይለዋል፤ የመኪና ቻርጅም በዚህ ይመደባል። ለእንዲህ ያለ ጭነት ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ በላይ አይሳብም። ከ50 ላይ 40፣ ከ30 ላይ 24፣ ከ20 ላይ 16፣ ከ15 ላይ 12 አምፔር ማለት ነው። በዚያ ላይ ከመኪና ጋር የሚያዙት ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች ብዙዎቹ ከ32 አምፔር አያልፉም። 32 በ240 ሲባዛ 7.68 ኪሎዋት ነው፤ 12 ጠብቆ የሄደ ሰው ሲሶውን ከመነሻው አጥቷል። አንዳንድ ትልልቅ ፓርኮች ደግሞ ሦስት ፌዝ ካለው ትራንስፎርመር ስለሚያከፋፍሉ በሁለቱ ፌዞች መካከል 208 ቮልት ነው የሚገኘው፤ ያኔ 32 አምፔር 6.66 ኪሎዋት ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ማንንም መክሰስ አያስፈልግም።

መኪናው የአምፔሩን ልክ ከየት ያውቃል? ቻርጀሩ በኬብሉ ውስጥ ባለች የመቆጣጠሪያ ሽቦ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ በርቶ የሚቆይበት እያንዳንዱ 1 በመቶ 0.6 አምፔርን ይወክላል። 40 በመቶ ከሆነ መኪናው 24 አምፔር እንደተፈቀደለት ይረዳል፣ 53 በመቶ ገደማ ከሆነ 32። ልብ በሉ፦ ቻርጀሩ ይህን ቁጥር የሚያወጣው ከራሱ ቅንብር ወይም ጫፉ ላይ ከተገጠመው አዳፕተር ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ብሬከር ስንት እንደሆነ፣ ሽቦው ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚያይበት ዓይን የለውም። አዳፕተሩ 14-50 ከሆነ ቻርጀሩ ከ50 አምፔር መስመር ጋር ነኝ ብሎ ያምናል፤ ከኋላው ያለው 30 ቢሆንም።

እንግዲህ ባለ 30 አምፔሩ። ከጽሑፉ ሁሉ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ምክሮችም ውስጥ ስለሚደጋገም ረዘም አድርገን እንየው።

በአርቪ ፓርክ ያለው ባለ 30 አምፔር ሶኬት ቲቲ-30 ይባላል። ቀዳዳው ሦስት ነው፦ ሁለት ዘመም ያሉ ጠፍጣፋ ቀዳዳዎችና አንድ የግራውንድ ቀዳዳ። ፌዙ አንድ ብቻ ነው። 120 ቮልት ነው፤ 240 አይደለም፣ አዳፕተር በመቀየርም 240 አይሆንም። የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ግን ሁለት ፌዝ አለው፤ አዲሱ አራት ቀዳዳ ነው፣ የድሮው ሦስት ቀዳዳ ሆኖ አንዱ ወደ ጎን የታጠፈ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ይሳሳታሉ። ሰው ግቢው ውስጥ ለተጎታቹ ቲቲ-30 ሲያስገጥም ሠራተኛው «30 አምፔር ከሆነ ማድረቂያ ነው» ብሎ 240 ይለቅበታል፣ የተጎታቹ ማይክሮዌቭና የባትሪ መሙያም ይቃጠላሉ። የጸሐፊው ግምትና የዚያ ሠራተኛ ግምት አንድ ነው።

በቁጥር ስናየው፣ 24 አምፔር በ120 ሲባዛ 2.88 ኪሎዋት ነው፤ ጸሐፊው ከጠበቁት ግማሹ። ይህም ቢሆን መኪናው ከተቀበለ ነው። የቻርጅ መስፈርቱ የ120 ቮልት ቻርጅን እስከ 16 አምፔር ብቻ ስለሚገልጸው በ120 ቮልት ከ12 ወይም ከ16 አምፔር በላይ የማይወስዱ መኪኖች አሉ፤ ቴስላ 24ቱን ይወስዳል። የእናንተ መኪና ስንት እንደሚወስድ ከጉዞው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ከ16 የማያልፍ ከሆነ ለቲቲ-30 አዳፕተር መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው፤ እዚያው ሳጥን ላይ ያለው ባለ 20 አምፔር ሶኬት፣ ለዚያ የሚሆን ባለ 16 አምፔር ቻርጀር ካላችሁ፣ ያንኑ 1.92 ኪሎዋት ይሰጣል።

አዳፕተሩስ? ጸሐፊው ከአርቪ መደብር የሚገዛውን፣ ባንድ ጎን የቲቲ-30 ስፒና በሌላው የ14-50 ሶኬት ያለውን አጭር ማገናኛ ይመክራሉ። ያ ዕቃ ለተጎታች የተሠራ ነው። በውስጡ አንዱን ፌዝ ለሁለት ከፍሎ ለሁለቱም የፌዝ ቀዳዳዎች ይሰጣል። ባለ 50 አምፔር ተጎታች ውስጥ ያለው ዕቃ በአብዛኛው በፌዝና በኒውትራል መካከል ስለሚሠራ ይህ ይበቃዋል። የመኪና ቻርጀር ግን ኒውትራሉን አይጠቀምም፤ የሚለካው በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለውን ቮልት ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከአንድ ሽቦ የመጡ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዜሮ ነው። ቻርጀሩ መብራት እንደሌለ ቆጥሮ ዝም ይላል። አርቪ ፓርክ ውስጥ «ሶኬቱ ይሠራል፣ መኪናው ግን እንቢ አለ» ሲባል ከምትሰሙት ብዙው ይህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛውና የተሻለው፣ ለቻርጀራችሁ ሞዴል ተብሎ የተሠራ የቲቲ-30 አዳፕተር ነው፤ 24 አምፔር መሆኑን ራሱ ለቻርጀሩ ይነግራል። ሁለተኛው ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የሚሸጠው የቲቲ-30 ወደ 14-50 ማገናኛ ነው። ይኸኛው ፌዙን ለአንዱ፣ ኒውትራሉን ለሌላው የፌዝ ቀዳዳ ስለሚሰጥ ቻርጀሩ 120 ቮልት ያያል፣ ይሠራልም። ሁለት አደጋዎች ግን አሉበት። የመጀመሪያው፣ ቻርጀሩ የሚያየው የ14-50 ሶኬት ስለሆነ 32 አምፔር ይፈቅዳል፤ መኪናው ካልተቆጠበ ባለ 30ው ብሬከር ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ። ቻርጅ ከመጀመሩ በፊት በመኪናው ስክሪን ወደ 24 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ አድርጉት። ሁለተኛው አደጋ ተጎታች በዚህ ማገናኛ መሰካቱ ነው፤ ኒውትራሉ ቦታውን ስለለቀቀ የተጎታቹ ዕቃዎች እርስ በርስ ተያይዘው ያልታሰበ ቮልት ይደርሳቸዋል። በቀይ ቴፕ ጠቅልላችሁ «ለመኪና ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከተጎታቹ ዕቃ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥም አታስቀምጡት።

ማራዘሚያ ገመድን በተመለከተ ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «ካልደረሰ ማስረዘም ነው» ይላል። የቻርጀር አምራቾች በጥቅሉ ማራዘሚያ አይፈቅዱም፣ ምክንያቱም ሰው እቤቱ ያለውን ቀጭን ገመድ ስለሚያመጣ። ባለ 16 ጌጅ የሆነች (ጌጅ የሽቦ ውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) የ50 ጫማ ገመድ በመሄጃና በመመለሻ 0.4 ኦም ገደማ ትከላከላለች፤ 12 አምፔር ሲያልፍባት ወደ 58 ዋት ሙቀት ታመነጫለች፣ ተጠቅልላ ከተቀመጠች ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የግድ ከሆነ ለአርቪ የተሠራው ብቻ ነው የሚታሰበው፦ ለቲቲ-30 ባለ 10 ጌጅ፣ ለ14-50 ባለ 6 ጌጅ፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ መጋጠሚያው ከመሬት ከፍ ብሎ። ከሁሉ የሚቀለው ግን መኪናውን በኋላ ማርሽ አስገብቶ ወደ ሳጥኑ ማስጠጋት ነው፤ ከፓርኩ ቢሮ ቦታ ስትመርጡም የመኪናችሁ ቻርጅ ቀዳዳ በየት በኩል እንደሆነ አስታውሱ።

«ብሬከር ከወረደ ሶኬቱ ተበላሽቷል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ግን የከፋ ነው። ብሬከር የሚወርድበት ምክንያት ብዙ ነው። መኪናው ከ80 በመቶው በላይ ስቦ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል፤ ብሬከሮች የሚለኩት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሆነ የጋለ ሳጥን ውስጥ ያለው ከተጻፈበት ቁጥር ቀድሞ ይወርዳል። ባለ 20 አምፔሩ ሶኬት ላይ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ በ5 ሚሊአምፔር የመሬት ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ አለው፤ እርጥበት በገባበት ወይም በእድሜ በተዳከመ ጊዜ ያለ ምክንያት ይቆርጣል። ወይም ደግሞ እውነትም የሶኬቱ መያዣ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ አሳሳቢውም ይኸው ነው።

ቤት ውስጥ ያለ 14-50 አንዴ ምድጃ ከተሰካበት ዓመታት ሳይነካ ይቆያል። የፓርክ ሶኬት ግን በየማለዳው ይነቀላል፣ በየማታው ይሰካል፣ ዝናብና አቧራ ይቀምሳል፣ ብዙ ሰውም ብሬከሩን ሳያጠፋ ጭነት እንዳለ ይነቅለዋል። በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ንቀላ ብልጭታ ይወጣና የመዳቡን ፊት ይበላዋል፤ ውስጡ ያለው መያዣም ይላላል። ላላ ያለ መጋጠሚያ ላይ ተቃውሞው ይጨምራል። ብሬከር ይህን አያየውም፤ እሱ የሚቆጥረው አምፔርን ነው፣ አምፔሩ ደግሞ በልኩ ነው። ሶኬቱ ቀልጦ ብሬከሩ ቆሞ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጎረቤት ያለው ባዶ ሶኬትም ያንኑ ዕድሜ የቆየ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያው መስመር የሚመገብ ነው፤ በዚያ ላይ ያልከፈላችሁበት ቦታ ነው።

ማድረግ የሚገባው ይህ ነው። ስትደርሱ መጀመሪያ የሶኬቱን ብሬከር አጥፉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ፕላስቲኩ የጠቆረ፣ የቀለጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ እዚያው ተዉትና ሌላ ቦታ ጠይቁ። መልቲሜትር የያዘና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ብሬከሩን አብርቶ ይለካ፦ በ14-50 ላይ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240 አካባቢ (ወይም 208)፣ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራልም ከግራውንድም ጋር 120፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ወደ ዜሮ የቀረበ። በቲቲ-30 ላይ በሁለቱ ዘመም ቀዳዳዎች መካከል 120። ፌዝ ከግራውንድ ጋር 120 ካላሳየ ግራውንዱ ተቆርጧል፤ ቻርጀሩም ይህን ስለሚፈትሽ ቀይ መብራት አብርቶ እንቢ ይላል፣ ልክም ነው። መልቲሜትር መያዝ ለማይወድ ሰው በአርቪ መደብር የሚሸጠው የሶኬት መፈተሻ ይህንኑ በመብራት ያሳየዋል።

ከዚያ ብሬከሩ በርቶ ከሆነ መልሳችሁ አጥፉና ስፒናውን እስከ መጨረሻው አስገቡ። ያለ ምንም ትግል ሸተት ብሎ ከገባና በራሱ ክብደት ወደ ፊት ካዘነበለ መያዣው ላልቷል፤ አትጠቀሙበት። የቻርጀሩ ሳጥን ከስፒናው ተንጠልጥሎ እንዲጎትተው አትተዉት፤ በማሰሪያ ከምሰሶው ጋር ይታሰር። ብሬከሩን አብሩ፣ መኪናውን ሰኩ፣ በስክሪኑ አምፔሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። በ14-50 ላይ የምንመክረው 24 ነው። ምክንያቱ ስስት አይደለም፦ በመጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ከ32 ወደ 24 መውረድ የምታገኙትን ኃይል በ25 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱን በ44 በመቶ ይቀንሰዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ስፒናውን በእጅ ንኩት። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ከመኪናው አቁሙት። አንዳንድ ቻርጀሮች ስፒናው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ስላላቸው ራሳቸው አምፔሩን ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ፤ ጠዋት መኪናው ግማሽ ሞልቶ ከተገኘ ይህ ሆኖ ሊሆን ይችላልና ማስጠንቀቂያውን አንብቡት። ስትነሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ከመኪናው ቻርጁን ማቆም፣ ከመኪናው መንቀል፣ ብሬከር ማጥፋት፣ በመጨረሻ ስፒናውን ማውጣት።

በአንድ ሌሊት ይሞላል ስለሚለው፣ መልሱ ሶኬቱ ይለያል ነው። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት 10 ሰዓት እንበል፤ መኪናው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.5 ማይል ይሂድ፤ ጥቂቱ ደግሞ በሙቀትና መኪናው ራሱን ነቅቶ በማቆየት ይባክናል። በ14-50 በ32 አምፔር ወደ ባትሪው 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገባል፤ የተለመደ መካከለኛ መኪና ከባዶ ሊሞላ ተቃርቧል። በ24 አምፔር 52 ገደማ፤ ወደ 180 ማይል። በቲቲ-30 በ24 አምፔር 25 ገደማ፤ ከ90 ማይል በታች። በባለ 20ው በ16 አምፔር 16 ገደማ፤ 55 ማይል አካባቢ። ተራ ባለ 12 አምፔር ቻርጀር የያዘ 40 ማይል። ተጎታች የሚስብ መኪና ደግሞ የሚሄደው ርቀት በግማሽ አካባቢ ስለሚወርድ እነዚህን ማይሎች ሁሉ ለሁለት ክፈሏቸው። እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ያለ ትልቁን፣ 131 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ የተገጠመለት ፒክአፕ በቲቲ-30 ሌሊቱን ሙሉ ቢሰካ አንድ አምስተኛው አይሞላም። ክረምት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በ1.4 ኪሎዋት የሚመጣው መብራት ባትሪውን ለማሞቅ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ተጎታችና መኪና አብረው ይሰኩ የሚለውን በሁኔታ እንቀበለዋለን። ባለ 50 አምፔር ሳጥን ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14-50፣ ቲቲ-30 እና ባለ 20 አምፔሩ ሶኬት አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ብሬከር አላቸው። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይህ ይመስላል። ሦስቱን የሚመግበው የመሬት ውስጥ ሽቦ ግን አንድ ነው፤ ለሦስቱ ድምር የተዘረጋ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። ተጎታቹ ባለ 30 ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፦ እሱ ቲቲ-30 ላይ፣ መኪናው 14-50 ላይ። የተጎታቹ ኤር ኮንዲሽነር 13 አምፔር፣ የውኃ ማሞቂያው 12 ቢስቡ አንዱ ፌዝ ላይ 25 ተጭኗል፤ መኪናው 24 ቢጨምርበት 49 ሆነ። ስለዚህ ኤር ኮንዲሽነሩ እየሠራ ሳለ መኪናውን ወደ 16 አውርዱት። 16 አምፔር በ240 ቮልት 3.84 ኪሎዋት ነው፤ ከቲቲ-30 ሙሉ አቅም ይበልጣል፣ አንድ አዳር ደግሞ ከ30 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስገባል። ተጎታቹ ባለ 50 ከሆነና መኪናው ለቲቲ-30 ከተረፈ ግን መኪናው የሚስበው ሁሉ አንድ ፌዝ ላይ ይወድቃልና ሁለት ኤር ኮንዲሽነር በሚሠራበት ከሰዓት አትጀምሩት። በዋይ ቅርጽ የሚከፍል ማገናኛ ገዝቶ አንድ 14-50 ላይ ሁለቱንም መሰካት ለማንም አንመክርም።

ሰዓቱ ከሶኬቱ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፓርኩ ሙሉ ኤር ኮንዲሽነር ሲያበራ በመስመሩ መጨረሻ ያሉ ቦታዎች ላይ ቮልቱ ይወርዳል። ለመኪናው ችግር አይደለም፤ ቮልቱ ሲወድቅ ብዙ መኪኖች አምፔራቸውን ይቀንሳሉ። የሚጎዳው የጎረቤት ተጎታች ኮምፕሬሰር ነው፤ ቮልት ሲያንሰው የበለጠ አምፔር ስቦ ይግላል። ተጎታቾች ላይ ከሚገጠሙት መከላከያዎች የታወቁት 104 ቮልት ሲደርስ መብራቱን ይቆርጣሉ። እናንተ በ10 ሰዓት ከሰዓት ሰክታችሁ ጎረቤታችሁ ቢቆረጥበት ማን ዘንድ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር በመኪናው ሰዓቱን አስቀምጡ።

ለቢሮው መንገር አያስፈልግም የሚለውም የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ደንቡ ፓርክ ሲሠራ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ሙሉ አቅሙን ይስባል ብሎ አያሰላም፤ 36 እና ከዚያ በላይ ቦታ ላለው ፓርክ ከጠቅላላው 41 በመቶውን ብቻ እንዲያሰላ ይፈቅዳል። ባለ 50 አምፔር 40 ቦታ ያለውን ፓርክ ውሰዱ፤ እያንዳንዱ 12 ኪሎዋት ተብሎ ቢቆጠር እንኳ ትራንስፎርመሩና ዋናው መስመር ለአንድ ቦታ የሚደርሰው 4.9 ኪሎዋት ነው። አንድ መኪና በ32 አምፔር ያለ ተጎታች ብቻውን 7.68 ይስባል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። አንድ ሁለት መኪና ምንም አይደለም፤ አሥራ አምስት መኪና ግን ሌላ ፓርክ ይጠይቃል። ፓርኩ የሚከፍለው የንግድ ታሪፍም ብዙ ጊዜ በወሩ ውስጥ ከፍተኛውን ጭነት ለይቶ የሚያስከፍል ነው፤ ባለቤቱ የሚሰጋው የእናንተን 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ቦታ ስትይዙ በስልክ ጠይቁ፦ መኪና ቻርጅ ማድረግ ይፈቀዳል? ተጨማሪ ክፍያ አለው ወይስ በቆጣሪ ነው? 14-50ው ሲለካ ስንት ቮልት ነው? በቅርቡ የተቀየረ ሶኬት ያለበት ቦታ የትኛው ነው? አንዳንድ ፓርኮች በአዳር ተጨማሪ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ ይከለክላሉ፣ ብዙዎቹ ለጠየቀ ሰው ከትራንስፎርመሩ ቅርብ የሆነ ቦታ ይሰጣሉ። ያለ ተጎታች ለሚመጣ መኪናም አንዳንዶቹ ቦታ አያከራዩም፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በር ላይ ደርሶ ከመስማት በቀን በስልክ መስማት ይሻላል። ኪሎዋት ሰዓቱ 15 ሳንቲም ቢሆን 55 ኪሎዋት ሰዓት ለፓርኩ ከ8 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የአዳር ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቅ በዚህ መዝኑት።